አጀንዳውን ተሰብሳቢው የሚያወጣው ስብሰባ



ስብሰባ ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው አንድ ዓይነት ነው። አጀንዳው ቀደም ብሎ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ ሦስት አራት ሰዎች ከፊት ይቀመጣሉ፤ ሌላው መሬት ላይ ሆኖ ያዳምጣል፤ «ጥያቄ ካለ» በሚባልበት ሰዓት ፀሐዩ ከርሮ ሰው ሁሉ የራሽን ወረፋውን ያስባል። ቁም ነገሩ የሚወራው ከስብሰባው በኋላ ቡና ላይ ነው።

ይህን የታዘብነው እኛ ብቻ አይደለንም። ሃሪሰን ኦወን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 250 ሰዎች የተካፈሉበትን ዓለም አቀፍ ጉባኤ አንድ ዓመት ሙሉ ደክሞ ካዘጋጀ በኋላ፣ ተሰብሳቢዎቹ ከሁሉ አብልጠው የወደዱት የቡና ዕረፍቱን እንደ ነበር ተረዳ። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ ላይቤሪያ ውስጥ ባላማ በምትባል መንደር፣ ወንዶች ልጆች ለአካለ መጠን ሲደርሱ የሚደረገውን የአራት ቀን ሥርዓት ተመልክቶ ነበር። አዘጋጅ ኮሚቴ ሳይኖር ሁሉም ነገር በቦታው ይከናወን ነበር። ይህን በማስታወስ በ1985 ካሊፎርኒያ፣ ሞንቴሬይ ላይ አጀንዳ ያልተያዘለት ስብሰባ ጠራ። አሠራሩ «ኦፕን ስፔስ» ተባለ፤ እኛ ክፍት መድረክ እንበለው። በ2005 የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ፓሎ አልቶ ላይ «ባርካምፕ» ብለው የጀመሩት ተመሳሳይ ስብሰባም ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል።

እኛ መምህራንና ወላጆች ከጦርነቱ በፊት ካርቱም ሳለን፣ ዴም ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ በዓርብ ቀን ሞክረነዋል። ሦስት ቦታ ነበረን፤ አንዲት ክፍል፣ በረንዳውና የኒም ዛፍ ጥላ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቦታዎቹን በአግድም፣ ሰዓቶቹን ማለትም 3፣ 4 እና 5 ሰዓትን ወደ ታች ጻፍን፤ ዘጠኝ ባዶ ሳጥን ወጣ። መነጋገር የፈለገ ሰው ተነሥቶ ርዕሱን ለሁሉም ይናገራል፤ በአንዱ ሳጥን ያስጽፋል። በተባለው ሰዓት ተገኝቶ ውይይቱን መክፈትና ቃለ ጉባኤ ማስያዝ የባለ ርዕሱ ኃላፊነት ነው። ርዕስ አቅርቦ መቅረት የለም።

መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። አጀንዳ የሚያወጣልን ሰው መጠበቅ ለካ ለምዶብናል። በመጨረሻ ሻይ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ተነሥተው «የልጄ የስምንተኛ ክፍል ወረቀት መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ የት ላስገባው?» አሉ። መጻፍ ስለማይችሉ ሌላ ሰው ጻፈላቸው። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው በሩብ ሰዓት ሞላ። በ4 ሰዓት ኒሙ ሥር መቀመጫ ጠፋ። እኛ ላቀረብነው «የሰዋስው ትምህርት አሰጣጥ» ግን የመጣው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በረንዳው ስለሚነፍስ ነው መሰለን።

ከእኒያ እናት ውይይት የወጣው ሥራ፣ ወረቀት የጠፋባቸውን ልጆች ስም፣ የተማሩበትን ትምህርት ቤትና ክፍል በደብተር መዝግቦ፣ መምህራን ፈትነው የደረሱበትን ክፍል እንዲጽፉላቸው ነው። እስከዚያ ቀን በየትኛውም ስብሰባችን ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

ለእኛ ሰው ያስቸገረው «የሁለት እግር ሕግ» የሚባለው ነው። የማይማርበትና የማይረዳበት ቦታ የተቀመጠ ሰው በእግሩ ተነሥቶ ወደ ሌላው ውይይት ይሂድ ይላል። ታላቅ ሰው እየተናገረ ትቶ መውጣት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ብዙዎች እያዛጉ ተቀመጡ። ኋላ አንድ አዛውንት ንግግራቸውን ሲጀምሩ «ልጆቼ፣ የምትሄዱ በሰላም ሂዱ፤ አልቀየምም» ቢሉ ነገሩ ቀለለ። ባለ ርዕሱ ሁሉ አስቀድሞ እንዲህ ቢል መልካም ነው።

ይህ አሠራር ለሁሉም ጉዳይ አይሆንም። ውሳኔው በሌላ እጅ ያለን ነገር፣ ለምሳሌ የራሽን መጠንን፣ በክፍት መድረክ መቁረጥ አይቻልም። በራሳችን እጅ ላለው ሥራ ግን ይሆናል።

ያ ደብተር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ ካርቱም ቀረ። ደብተሩን የያዘው ወንድማችን ልጆቹን ብቻ ይዞ ነው የወጣው። በካምፓችንም ያንኑ ጥያቄ ይዘው ወደ እኛ የሚመጡ ወላጆች አሉ። ስለዚህ መምህራን እዚሁ ክፍት መድረክ ለማድረግ ተስማምተናል፤ ቀኑ ሲቆረጥ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል። ርዕስ ያለው ሁሉ ይምጣ፤ መጻፍ ለማይችል እንጽፍለታለን። በርጩማና የሚጠጣ ውኃ ይዛችሁ ኑ። መዝገቡ በዚህ ጊዜ በሁለት ደብተር ይጻፋል፤ ሁለቱም በተለያየ ቤት ይቀመጣሉ።