ንጉሥ አይከሰስም፤ የግብር ግምት ግን ይከሰሳል

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ብሂል በግብር ጉዳይ ዛሬም ብዙ ነጋዴ ዝም ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «የሃሪ ጦርነት» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ግን ዝም ያላለ ተራ ዜጋ ያሳያል። ሃሪ አክስቱ በግብር ክርክር ላይ ሳሉ ሲሞቱበት በገቢ መሥሪያ ቤቱ ላይ ጦርነት ያውጃል፤ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ እስከ መንዳትም ይደርሳል። የፉሪ ባለሱቅ ብረት ለበስ የለውም። ያለው ወረቀትና የቀን ገደብ ነው።

የእኛ አገር «ፊልም» በ2009 ዓ.ም. ታይቷል። ዓመታዊ ገቢያቸው ከ500 ሺህ ብር በታች የነበረ የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲነገራቸው፣ በሐምሌ ወር አምቦን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ሱቆች ተዘጉ፤ በአዲስ አበባም ቅሬታው በረከተ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቀን 500 ብር ብቻ የተጋነነ ግምት በ300 የሥራ ቀን ሲባዛ፣ ያልተሸጠ የ150 ሺህ ብር ሽያጭ በነጋዴው ስም ይመዘገባል።

ሱቅ መዝጋት ግን ግምቱን አይሰርዝም፤ ኪራዩም አይቆምም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ለሙግት የዘረጋው መንገድ ሌላ ነው። ግብር ከፋዩ ውሳኔው በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ፣ ያልተከራከረበትን ከፍሎ፣ ቅሬታውን በጽሑፍ ያቀርባል። በምላሹ ካልረካ በ30 ቀን ውስጥ ለታክስ ይግባኝ ኮሚሽን ይግባኝ ይላል። እዚህ ላይ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ከተከራከረበት ግብር 50 በመቶውን መክፈል አለበት። ክርክሩ በ40 ሺህ ብር ላይ ከሆነ 20 ሺህ ብር ይታሰራል ማለት ነው። ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ደግሞ መጠኑ 75 በመቶ ይሆናል። የሥራ ማስኬጃው አነስተኛ የሆነ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚረታው በሕጉ ሳይሆን በዚህ ገንዘብ እጥረት ነው።

ፉሪ አዲስ አበባና ሸገር ከተማ የሚዋሰኑበት አካባቢ በመሆኑ፣ ነጋዴው በቅድሚያ የትኛው አስተዳደር ግብር ከፋይ እንደሆነና የሚገዛበትን ሕግ ማረጋገጥ ይበጀዋል። ለተሳሳተ ቢሮ የገባ አቤቱታ ቀኑን ይበላል።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደረጃ «ሐ»ን አስቀርቶ፣ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆኑትን በደረጃ «ለ» አጠቃሏል። የደረጃው ስም ቢለወጥም የክርክሩ መሠረት አልተለወጠም። የግዢ ደረሰኝና የዕለት ሽያጭ መዝገብ የያዘ ነጋዴ ግምቱን በቁጥር ይሞግታል፤ ያልያዘ ግን የሚሞግተው በአንደበቱ ብቻ ነው።