ይደርና ውዝፍ፤ ስለ ተጫዋቾች ደመወዝና ስለ ውል ማፍረሻ

ደመወዝ ከተሠራበት ወር አልፎ የሚከፈልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሁለቱ ወገኖች ተዋውለው፣ ቀን ቈርጠው የሚያቆዩት ሲሆን ይህን ይደር እንለዋለን። ሁለተኛው ከፋዩ በቀኑ ሳይከፍል ቀርቶ የሚከማቸው ነው፤ ይህም ውዝፍ ይባላል። ከሩቅ ለሚያያቸው ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ በሁለቱም ሠራተኛው የዛሬ ላቡን ዋጋ ነገ ይቀበላልና። በነቀምትና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ኳስ ለሚጫወተው ወጣት ግን ልዩነታቸው የቤት ኪራይ የመክፈልና ያለመክፈል ጉዳይ ስለ ሆነ ጠጋ ብሎ መመርመር ይገባል።

ይደር ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ነው። በዚያ ከፍተኛ ሊግ የተጫዋች ውል እንደ ደንቡ እስከ መጨረሻው ዋስትና ያለው ነው። ክለቡ ተጫዋቹን አልፈልገውም ቢል እንኳ የቀረውን ዘመን ደመወዝ ከመክፈል አይድንም፤ በስምምነት ሒሳቡን ዘግቶ ሲለያየው ውሉን ገዛው ይባላል። ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ ቦቢ ቦኒያ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የኒው ዮርኩ ሜትስ ክለብ ከዚህ ሰው ጋር ሲለያይ 5.9 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ነበረበት። ገንዘቡን በዚያን ጊዜ በመክፈል ፈንታ፣ ከ2011 እስከ 2035 በየዓመቱ ጁላይ 1 ቀን 1,193,248 ዶላር ሊከፍለው ተስማማ። (ቀኑ በእኛ ሰኔ 24 ላይ ይውላል፤ የእኛ ከተሞች በጀት ሊዘጋ ስድስት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው።) ድምሩ ወደ 30 ሚሊዮን ስለሚጠጋ ብዙ ሰዎች በክለቡ ይሥቃሉ። ነገር ግን በውሉ የተቈረጠው ወለድ በዓመት ከመቶ 8 ስለ ሆነ፣ 5.9 ሚሊዮኑ በ11 ዓመት ውስጥ 13.7 ሚሊዮን ገደማ ይሆናል፤ ሃያ አምስቱ ክፍያዎችም ይህንኑ ገንዘብ ከነወለዱ ከፋፍለው የሚመልሱ ናቸው። ስለዚህ ሥቁ ከስሌቱ የቀደመ ይመስለኛል።

የጃፓኑ ተወላጅ ሾሄይ ኦታኒ በዲሴምበር 2023 ከሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ጋር የተዋዋለው ደግሞ ከዚህ ይለያል። የ10 ዓመቱ ውል 700 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ የሚቀበለው 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረው 680 ሚሊዮን ያለ ወለድ ከ2034 እስከ 2043 ይከፈለዋል። ያለ ወለድ የሚቆይ ገንዘብ ዋጋው ስለሚቀንስ፣ ሊጉ ለክለቡ የደመወዝ ሒሳብ የሚቈጥረው በዓመት 70 ሚሊዮን ሳይሆን 46 ሚሊዮን ያህል ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲለው የምንሻው ግን የገንዘቡን ብዛት አይደለም። በሊጉና በተጫዋቾች ማኅበር የጋራ ስምምነት መሠረት፣ ክለቡ በይደር የያዘውን ገንዘብ የዛሬ ዋጋ አስልቶ፣ ደመወዙ ከተሠራበት የውድድር ዘመን በኋላ ባለው ሁለተኛ ጁላይ 1 ቀን ለብቻው አስቀምጦ መገኘት አለበት። ዕዳው የቃል ዕዳ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እንግዲህ ይደርን ይደር የሚያሰኙት የተጻፈ ቀን፣ ለቆይታው የታሰበ ዋጋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተለይቶ የተቀመጠ ገንዘብ ናቸው። ነገሩ ለወለጋ ገበሬም ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ቡናውን ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ ያስረከበ አባል መጀመሪያ የዕለቱን ዋጋ ይቀበላል፤ ቡናው ተሸጦ ሒሳብ ሲዘጋ ደግሞ የትርፍ ድርሻ ይጠብቃል። መጠበቁን የሚታገሠው ሒሳብ የሚዘጋበት ደንብና የሚጠየቅ ጉባኤ ስላለ ነው።

ወደ ከተማ ክለቦች ስንመለስ ሁኔታው ሌላ ነው። ነቀምት ከተማ እንደሚባለው ክለብ ያሉት፣ ስማቸው ራሱ እንደሚናገረው፣ በአብዛኛው በከተማ አስተዳደር ገንዘብ የሚተዳደሩ ናቸው። የመግቢያ ገቢያቸው ትንሽ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ በደረሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ንግድ ይቀዘቅዛል፤ ንግድ ሲቀዘቅዝ የከተማው ገቢ ይጎድላል፤ ገቢ ሲጎድል ደግሞ ከመንገድና ከውኃ ይልቅ ኳሱ ቢቆይ ይመረጣል። ይህን መረዳት ይቻላል። አንዱን ክለብ ለይቶ መክሰስም የዚህ ጽሑፍ ዐላማ አይደለም፤ ያልተከፈለ ደመወዝ የሀገሪቱ ክለቦች ሁሉ የቆየ ክርክር ነውና። የማይረዳው ግን ውዝፉን «ትንሽ ታገሡ» እያሉ እንደ ይደር ማስቈጠር ነው፤ ቀን የለውም፣ የተቀመጠ ገንዘብም የለውም።

የቆይታ ዋጋ በሕግ አለው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዘገየ ዕዳ በዓመት ከመቶ 9 ወለድ ወስኗል። በወር 20 ሺህ ብር የሚያገኝ ተጫዋች የአራት ወር ደመወዙ አንድ ዓመት ቢዘገይበት፣ 80 ሺህው 87,200 ብር ይሆናል ማለት ነው። ነገር ግን የዋጋ ንረቱ ከመቶ 30 ከሆነ፣ ያ ገንዘብ የሚገዛው ባለፈው ዓመት በ67 ሺህ ብር ይገዛ የነበረውን ነው። ወለዱን ከነጭራሹ የሚጠይቅ ተጫዋች ደግሞ ጥቂት ነው።

ውል ሲፈርስም ልዩነቱ ሰፊ ነው። ተጫዋቹ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንደ ሠራተኛ በሚታይበት ጊዜ፣ የጊዜ ገደብ ያለው ውሉ ያለ ሕግ ቢቋረጥበት ካሣው የቀረው ዘመን ደመወዝ ነው፤ ሆኖም ከአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ አይበልጥም። ወሩን በ30 ቀን ብናካፍል፣ 18 ወር የቀረው ያው ባለ 20 ሺህ ብር ተጫዋች 360 ሺህ ሲጠብቅ በ120 ሺህ ይሸኛል። የፊፋ ደንብ በበኩሉ ሌላ ክለብ ላላገኘ ተጫዋች እንደ መነሻ የቀረውን ውል ሙሉ ዋጋ ያስባል። ከ2018 (እ.አ.አ.) ወዲህም የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ቢያንስ የ15 ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በበቂ ምክንያት ሊያፈርስ እንደሚችል ደንግጓል። ጉዳዩን በየትኛው በር ይዞ መግባት እንደሚሻል ተጫዋቹ ከመፈረሙ በፊት ቢጠይቅ ይጠቀማል።

ከሁሉ የሚያሠጋው ግን የይርጋው ነገር ነው። በዚሁ አዋጅ መሠረት የደመወዝ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በጥቅምት ያልተከፈለ ደመወዝ «በጀት ሲለቀቅ በሐምሌ» ተብሎ ቢጠበቅ፣ ሐምሌ ሳይደርስ ጥያቄው ያልፍበታል። ይርጋውን ከሚያቋርጡት አንዱ ባለ ዕዳው መብቱን በጽሑፍ ማመኑ ወይም በከፊል መክፈሉ ነው። ስለዚህ ታገሥ የተባለ ተጫዋች ከክለቡ ጽሕፈት ቤት ሊወስደው የሚገባው የየትኛው ወር፣ ስንት ብር እንደ ቀረበት የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው።