የዘር ቆጠራና የአንጀት ነቀርሳ

ከጭላሎ ተራራ ግርጌ እስከ በቆጂ ድረስ ባለው የአርሲ ደጋ የዘርን ሐረግ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ሁለት እንግዶች ሲገናኙ ጎሣ ይጠያየቃሉ፤ ሽማግሌዎችም የአባቶቻቸውን ስም እስከ ብዙ ትውልድ ሳያቋርጡ ይቆጥራሉ። ይህ ዕውቀት ለጋብቻና ለዕርቅ እንደሚጠቅም ሁሉ ለጤና ጥበቃም እንደሚጠቅም ግን ብዙዎቻችን አላሰብንበትም። ስለዚህ ዛሬ ስለ አንጀት ነቀርሳ፣ ማለትም ስለ አንጀት ካንሰር፣ ምርመራ ጥቂት እንመልከት።

የትልቁ አንጀት ነቀርሳ በአንድ ቀን የሚፈጠር ደዌ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ከሚበቅል ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እባጭ ነው። እባጩም ወደ ነቀርሳ እስኪለወጥ 10 ዓመት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ በዚህ መካከል ሐኪም ኮሎኖስኮፒ በሚባለው ባለ መብራት ቱቦ አይቶ እባጩን ቢያወጣው በሽታው ሳይጀምር ይቀራል ማለት ነው።

ዋናው ጥያቄ ማን መቼ ይመርመር የሚለው ነው። በአሜሪካ አገር ምርመራው በ50 ዓመት ዕድሜ ይጀመር የነበረው እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ወደ 45 ዝቅ ብሏል። ነገር ግን የአርሲ ገበሬ ደጋውንና ቆላውን በአንድ ቀን እንደማይዘራ ሁሉ አንድ ዕድሜም ለሰው ሁሉ አይስማማም።

ለምሳሌ በአሰላ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሁለት ጓደኛሞች አሉ እንበል። የአንደኛው ቤተሰብ ከዚህ በሽታ ነጻ ነው። የሁለተኛው እናት ግን በ48 ዓመታቸው በአንጀት ነቀርሳ ታመዋል። ወላጁ፣ ወንድሙ ወይም እኅቱ ከ60 ዓመት በፊት የታመመበት ሰው በ40 ዓመቱ፣ ወይም ዘመዱ ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከሁለቱ በሚቀድመው እንዲጀምርና በየ5 ዓመቱ እንዲደግም ሐኪሞች ይመክራሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ሰው በ38 ዓመቱ መጀመር አለበት። እንደ ጓደኛው እስከ 45 ቢጠብቅ 7 ዓመት ያመልጠዋል።

ከዚህም የባሰ አለ። እ.ኤ.አ. በ1895 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚሺጋን የነበረ ዋርቲን የሚባል ሐኪም አንዲት ልብስ ሰፊ «ዘመዶቼ በነቀርሳ አልቀዋልና እኔም በዚሁ እሞታለሁ» ብላ ስትጨነቅ ሰምቶ የዘር ሐረጓን መመዝገብ ጀመረ። እርሷም እንደ ፈራችው በማኅፀን ነቀርሳ ሞተች። ይህ በዘር የሚወርድ ችግር ዛሬ ሊንች ሲንድሮም ይባላል። ወደ ልጅ የመተላለፉ ዕድል ከሁለት አንድ ስለ ሆነ፣ ያለበት ሰው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ዓመቱ ጀምሮ በየ1 ወይም በየ2 ዓመቱ ይመረመራል።

እዚህ ላይ የዘር ቆጠራችን ጉድለት ይታያል። የምንቆጥረው አባቶችን ነው፤ እናት፣ አክስትና እኅት አይቆጠሩም። በሽታው ግን በእናትም በአባትም በኩል እኩል ይወርዳል። ደግሞም የሟቹ ስም ይጠራል እንጂ በምን ደዌና በስንት ዓመቱ እንደ ሞተ አይነገርም፤ «ሆዱን ታሞ ነው» ተብሎ ይታለፋል።

በአገራችን ለአንጀት ነቀርሳ አገር አቀፍ ምርመራ ገና አልተዘረጋም። የኮሎኖስኮፒ መሣሪያም ባለሙያውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ያለውን ይበልጥ ለሚያሰጋው ሰው ማስቀደም ተገቢ ነው፤ እርሱን ለመለየት የሚያስፈልገውም በመጀመሪያ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን አንድ ጥያቄ ቢጨምሩ ብዙ ሰው ይጠቅማሉ።

ይሁን እንጂ እስካሁን የተናገርነው ስለ ጤነኛ ሰው ነው። በሰገራው ደም ያየ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ዕድሜ ሳይቆጥር ሐኪም ዘንድ ይሂድ። «ኪንታሮት ነው፣ አሜባ ነው» እያሉ በግምት መቆየት አደገኛ ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ወጣት አንባቢዎች ሆይ! ለበዓል ወደ ቤተሰባችሁ ስትሄዱ አባታችሁን ብቻ ሳይሆን እናታችሁንም ጠይቁ። ማን ታመመ? በምን? በስንት ዓመቱ? መልሱን ጽፋችሁ ለሐኪም አሳዩ። የአባቶችን ስም መቁጠር ክብር ነው፤ የእናቶችንም ደዌ ማወቅ ዕድሜ ይጨምራል።