ባለ ዘውዱን ወፍ ጨፌ ውስጥ ፈልጉት

ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ወደ ቴፒም ሆነ ወደ ማጂ የሚወርድ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው የቡናው ደን ላይ ነው። የዚህ አገር ግርማዊ ወፍ ግን ጨፌ ለጨፌ ነው የሚውለው። ጥቁር ባለ ዘውድ ክሬን ይሉታል፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ፣ እግረ ረጅም፣ ከሩቅ ሽመላ የሚመስል ነው። ጠጋ ሲሉት አናቱ ላይ እንደ ገብስ ዛላ የቆመ ወርቃማ ጠጉር፣ ነጭና ቀይ ጉንጭ ይታያል። ሳሩን በእግሩ እየደበደበ፣ ደንግጦ የሚነሳውን ፌንጣ ይለቅማል። በዓለም ካሉት 15 የክሬን ዝርያዎች ዛፍ ላይ የሚያድሩት ባለ ዘውዶቹ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ሊያየው የሚሻ ከጅማ አጠገብ ቦዬን፣ ከዚያም የጎጀብን ሸለቆና ቦንጋ አካባቢ ያለውን አለምጎኖን ይሞክር። በበጋ ተሰብስቦ ይውላል፤ በክረምት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ቄጤማው ውስጥ ይሰወራል።

ታዲያ ደኑ ስም ሲያገኝ ጨፌው ተዘንግቷል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ2010 ካፋ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዘገበ፤ ሸካ በ2012 ተከተለ። ወፉም በዚያው በ2010 በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ከተባሉት ጋር ተቆጠረ። ጥብቅ ስፍራው ጨፌንም ያቅፋል ቢባል እውነት ነው፤ በብዙ ሰው አፍ ግን ጨፌ አሁንም ሥራ የፈታ መሬት ነው። ወፉ እርሻ ላይም ይታያል፣ ምን ቸገረው የሚልም አይጠፋም። እርሻ ላይ የሚታየው ለመልቀም ነው፤ ጎጆውን የሚሠራው ውሃ በተኛበት ሳር መሃል ነው። ሁለት ሦስት እንቁላሉን አንድ ወር ያህል ሲታቀፍ ውሃው ከደረቀ ለውሻና ለቀበሮ መንገድ ይከፈታል።

ከሁሉም የሚከብደው የገበሬው ጥያቄ ነው፦ ጎተራ ሲራቆት ጨፌ ላይ የሚደርሰው በቆሎ ቤት ያተርፋል። ይህን በክልከላ መመለስ አይቻልም፤ ተገቢም አይደለም። ኢሉባቦር ውስጥ የጨፌውን ራስና መውጫ በቄጤማው ትተው መሃሉን ብቻ የሚያርሱ ገበሬዎች ኖረዋል። እንዲህ ሲሆን ምንጩ አይነጥፍም፣ ለቤት ክዳን የሚታጨደውም ሳር አይጠፋም። ቦዩ ጠልቆ ተቆፍሮ ዳር እስከ ዳር ሲታረስ ግን ከወፉ ቀድሞ የሚጎዳው ገበሬው ራሱ ነው፤ አፈሩ ደርቆ ምርቱ ይቀንስበታል።