የተረፈ ማዕድ መንገድ

በአዲስ አበባ ከሚገኙት ደኅና ደኅና ሆቴሎች ወደ አንዱ ማዕድ ቤት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቀን የገባ ሰው፣ የጾሙ ሽሮና ምስር የሚሠራበት ድስት ከፍስኩ ድስት ተለይቶ፣ ጭልፋ ከጭልፋ ሳይነካካ፣ ሥጋ የተከተፈበት ቢላዋ ጎመን ወደሚከተፍበት መክተፊያ እንዳይጠጋ ወጥ ቤቷ በዐይኗ እየጠበቀች፣ አንዲት የቅቤ ጠብታ እንኳ ወሰኗን ሳትሻገር የቀኑ ሥራ ሲፈጸም አይቶ፣ መለየት ይህ ሕዝብ ከማንም የሚማረው ጥበብ አለመሆኑን ይመሰክራል። ነገር ግን ያው ሰው እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ቢቆይ፣ ከገበታ የተመለሰው ሁሉ፣ የጾሙም የፍስኩም፣ የተነካውም ያልተነካውም፣ አጥንቱና የሎሚው ልጣጭ፣ ሶፍቱና ስቴኪኒው፣ የተሰበረው ብርጭቆና የውሃው ፕላስቲክ በአንድ በርሜል ውስጥ ተገናኝተው ሲያድሩ ያያል። ከማዕድ በፊት እንዲህ የጸናው ሥርዓት ከማዕድ በኋላ ስለ ምን እንደሚፈርስ መመርመር የዚህ ሐተታ ጉዳይ ነው።

ቀድሞ ከማዕድ የተረፈ ሁሉ በቤታችን የራሱ ማዕርግና የራሱ ወራሽ ነበረው። ያደረው እንጀራ በወጥ ትራፊ ተለውሶ የጧት ፍርፍር ይሆናል፤ ከዚያም የበዛው በፀሐይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ሆኖ ለመንገደኛ ስንቅ ይቀመጣል፤ የጠላው አተላ ለላም፣ ልጣጩ ለፍየል፣ አጥንቱ ለውሻ፣ አመዱ ለጓሮው ጎመን ይደርሳል፤ ከድግስ የተረፈውም ሳይበላሽ በደጀ ሰላም ለተቀመጡ ነዳያን ይወጣል። መሬት የወደቀች ቁራሽ እንኳ እግር እንዳይረግጣት ተነሥታ ከፍ ካለ ቦታ ትቀመጥ ነበር። በወንጌል ስለ ተጻፈው የአምስቱ እንጀራና የሁለቱ ዓሣ ተአምር ሊቃውንት ሲያስተምሩ ብዙ ጊዜ የሚያተኩሩት በመበርከቱ ላይ ነው፤ እኔን ግን ከልጅነቴ ጀምሮ የሚያስደንቀኝ፣ ከምንም ሊያበዛ የሚችለው ጌታ ቍርስራሹን ንቆ በሣሩ ላይ አለመተዉና፣ አሥራ ሁለት መሶብ እስኪሞላ ድረስ ማስለቀሙ ነው።

ለሰውም ለከብትም ያልሆነውን ደግሞ ሌሊት የሚረከብ ነበረ። የአዲስ አበባ የመጀመሪያው የጽዳት ሠራተኛ ጅብ እንደ ነበረ የጥንቱን ከተማ ያዩ ሁሉ ይናገራሉ፤ ሐረርማ ጅቦች ገብተው የከተማውን ትራፊ የሚያነሡበት ቀዳዳ በጀጎል ግንብ ላይ ትታላቸዋለች። ደመወዝ የማይጠይቅ፣ መኪና የማያስፈልገው፣ አጥንት እንኳ የማያስተርፍ ሠራተኛ ነውና ከእርሱ በኋላ የመጡት ሁሉ በዚህ ረገድ ሳያንሱት አልቀሩም።

ይህ ሥርዓት የፈረሰው ሰው ስለ ከፋ አይደለም። ጓሮ የነበረው ቤት ፎቅ ሲሆን ላሟም ፍየሏም ወደ ከተማው ዳር ተሰደዱ፤ በአንድ ቤተሰብ ገበታ ልክ የተሠራው ልማድም በቀን ብዙ መቶ ሰው ለሚያስተናግድ ሆቴል፣ ለዩኒቨርሲቲ ካፌ፣ ለሆስፒታል ማዕድ ቤት አልበቃ አለ። ከሁሉም በላይ ፌስታል መጣ። ከፌስታል በፊት ቆሻሻ ቢደባለቅም ጊዜ የሚያስታርቀው፣ ሁሉም ወደ አፈር የሚመለስ ነበር፤ ከፌስታል በኋላ ግን ትራፊው ለከብት ቢሰጥ ከብቱን የሚገድል፣ ለማሳ ቢሰጥ ማሳውን የሚያበላሽ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከየድርጅቱ ደጅ ቆሻሻ የሚሰበስቡት ወጣቶች የሚሸከሙት ጆንያ በከተማው ሰው ቋንቋ «ማዳበሪያ» ይባላል፤ የፋብሪካ ማዳበሪያ የመጣበት ከረጢት ስለሆነ ነው። እንግዲህ ማዳበሪያ ሊሆን የሚችለው ነገር በማዳበሪያ ታዝሎ፣ ማዳበሪያ ወደማይሆንበት ሥፍራ ይሄዳል ማለት ነው።

ያ ሥፍራ ረጲ ነው፤ ሕዝቡ ቆሼ ይለዋል። በ1950ዎቹ ሲመረጥ ከከተማው ውጪ የነበረው ይህ መሬት፣ ከተማው ሲሰፋ በመንደር ተከብቦ፣ ቆሻሻውም እየተከመረ ተራራ ሆኖ፣ ከመጣያነቱ ሌላ በላዩ እየጫሩ የዕለት ጉርሳቸውን ለሚፈልጉ ምስኪኖች የሥራ ቦታ ሆነ። በ2008 ዓ.ም. በሰንዳፋ አዲስ የማስወገጃ ሥፍራ ሥራ ቢጀምርም፣ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውንና ፍሳሹን ተቃውመው ስለ ተነሡ ጥቂት ወራት ብቻ አገልግሎ ተዘጋና መኪናዎቹ ወደ ረጲ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ተራራው ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ከነቤታቸው ተቀበሩ፤ በአገሪቱም ሁሉ የሦስት ቀን ኀዘን ታወጀ።

በዚያው በረጲ ደጅ ይሠራ የነበረው፣ ቆሻሻ አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጣቢያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቀን እስከ 1,400 ቶን ሊያቃጥል እንደሚችልም ተነገረለት። ብዙ ሰው በዚህ የትራፊው ጉዳይ ተዘጋ ብሎ አሰበ። ነገሩን ወደ ባሕርዩ መልሰን ብናየው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ የሚበልጠው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ የሚበሰብስ ነገር ደግሞ ከሁሉ በፊት ውሃ ነው። ቲማቲምና ጎመን ከመቶ ዘጠና እጅ ያህል፣ እንጀራም ቢሆን ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2,260 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈጃል፤ ስለዚህ እርጥብ ልጣጭ ወደ ምድጃ የሚያስገባ ሰው፣ ወረቀቱና ፕላስቲኩ የሰጡትን ሙቀት ለልጣጩ ውሃ ማድረቂያ እየከፈለ ነው። በእርጥብ እንጨት እሳት ለማንደድ የሞከረች እናት ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልጋትም። ሳይቃጠል ቢቀበርም አያርፍም። አየር በማያገኝበት ሆድ ውስጥ እየበሰበሰ ሚቴን የተባለውን ጋዝ ይወልዳል፤ ይህም በመቶ ዓመት ሒሳብ ሙቀትን በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 28 እጅ ይበረታል፤ ጥቁር ፍሳሹም ወደ ወንዝ ይወርዳል። በአጭሩ ተረፈ ምግብ ለምድጃውም ለመቃብሩም የማይመች፣ ብቻውን ሲሆን ግን ለማሳና ለከብት የሚመች ነገር ነው።

ሕጉ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999፣ ምግብ የሚያዘጋጁና የሚሸጡ ድርጅቶች ተረፈ ምግባቸውን አካባቢ በማይጎዳ መንገድ የመሰብሰብ፣ የማስቀመጥና የማስወገድ ግዴታ እንዳለባቸው ደንግጎ ነበር፤ የከተማው አስተዳደር ከመደበው ቦታ ውጪ መጣልንም ከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለ ግልጽ ትእዛዝ ከወጣ ይህን ያህል ዓመት ቢያልፍም፣ ከሆቴሉ በር እስከ ገንዳው፣ ከገንዳውም እስከ ረጲ ያለው መንገድ ያው አንድ ነው። ለይቶ ላወጣ ለይቶ የሚረከብ ከሌለ አዋጁ በማዕድ ቤቱ ደፍ ላይ ያልቃል። አንድ ምግብ ቤት ያለው ወዳጄ ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት በርሜል ገዝቶ፣ አረንጓዴውን ለትራፊ፣ ሰማያዊውን ለደረቁ መድቦ፣ ለእቃ አጣቢዎቹ ጭምር ምክር ሰጥቶ ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ሰብሳቢዎቹ መጥተው ሁለቱንም በርሜል በአንድ ጆንያ ሲገለብጡ ቆሞ አየ። አልተቆጣቸውም፤ ያላቸው መኪና አንድ ነው። ሰማያዊው በርሜል አሁን ውሃ ሲጠፋ ማጠራቀሚያ ሆኖ ያገለግላል።

ክፍያውም እንደዚሁ ነበር። ለብዙ ዓመት የጽዳት አገልግሎት ዋጋ በውሃ ሒሳብ ላይ ተደምሮ ሲከፈል ስለ ኖረ፣ ባለ ሆቴሉ ይከፍል የነበረው በቧንቧው በመጣው እንጂ በደጁ በወጣው ልክ አልነበረም፤ ቢለይም ባይለይም፣ አንድ በርሜል ቢያወጣም አሥር ቢያወጣም ሒሳቡ አይነቃነቅም ነበር። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ቆሻሻን በሚጣልበት ከረጢት መጠን አስከፍላ፣ በ2005 ተረፈ ምግብ በቀጥታ እንዳይቀበር ከልክላ፣ በኋላም ትራፊው ራሱ በክብደት እየተመዘነ እንዲከፈልበት ያደረገችው የሕዝቧን ኅሊና ስለ ተጠራጠረች አይመስለኝም፤ ሚዛን ካለበት ኅሊናም ሥራው ይቀልለታል።

አሁን ከጉዳዩ ሁሉ የከበደው ወደ ሆነው እንመጣለን። ስለ ትራፊ መለየት የሚናገሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ማንም እንዳልጀመረው አድርገው ይናገራሉ፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚሠራ አንድ የመለየት ሥርዓት አለ፤ ስሙም «ቡሌ» ይባላል። ከሆቴልና ከምግብ ቤት ገበታ የተመለሰው እንጀራ፣ ሩዝ፣ ፓስታና የሥጋ ቍርጥራጭ በአንድነት ተሰብስቦ፣ ለጎዳና ልጆች፣ ለቀን ሠራተኞችና ለሌሎችም አቅመ ደካሞች በነጻ ይሰጣል ወይም በጥቂት ብር ይሸጣል። የመርካቶን ጓዳ ጎድጓዳ የሚያውቅ ሁሉ ቡሌን ያውቃል። በአንድ በኩል ይህ የአልዓዛር ፍርፋሪ ነው፤ ከባለጠጋው ማዕድ የወደቀው ለተራበው ደረሰ። በሌላው በኩል አደጋ ነው፤ ብዙ ሰዓት በሙቀት የቆየ የበሰለ ምግብ የበሽታ መራቢያ ነውና፤ አንዳንዱ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ እሳትን የሚችል ስለሆነ እንደገና ማሞቅም ሁልጊዜ አያድንም።

ታዲያ ከተማው ነገ ተነሥቶ «የየድርጅቱ ተረፈ ምግብ ሁሉ ተለይቶ ወደ ኮምፖስት ጉድጓድ ይግባ» ብሎ ቢያዝ፣ ከአንድ ሰው አፍ ነጥቆ ለአፈር መስጠት ይሆናል። ይህን ጥያቄ የማይመልስ ዕቅድ ስንት መኪና ቢገዛ ለእኔ ግማሽ ዕቅድ ነው። እንደሚመስለኝ ስሕተቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን «ትራፊ» በሚል አንድ ስም መጥራታችን ላይ ነው። የድስት ትራፊ፣ ማለትም ተሠርቶ ወደ ገበታ ያልወጣው፣ ገና ምግብ ነው፤ በዚያው ምሽት ሳይውል ሳያድር በክዳን ተከድኖ ለሰው ሊደርስ ይገባዋል። የሳህን ትራፊና ልጣጭ ግን የሰው ድርሻ አይደለም፤ የከብትና የአፈር ነው። እነዚህ ሁለቱ በወጥ ቤቷ እጅ ሳሉ ለመለየት የደቂቃ ሥራ ናቸው፤ በርሜል ከገቡ በኋላ ግን መልአክም አይለያቸው።

በካሊፎርኒያ ይህ ልዩነት በሕግ ገብቶአል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የግዛቲቱ ደንብ፣ ንግድ ቤቶች የሚበሰብሰውን ለይተው እንዲያወጡ ከማዘዙ ሌላ፣ ትልልቅ ምግብ አቅራቢዎች ገና የሚበላውን ለተቸገሩ እንዲሰጡ ያስገድዳል፤ በሎስ አንጀለስ፣ በፌርፋክስ ጎዳና ያሉት የአገራችን ሰዎች ምግብ ቤቶችም እንጀራቸውን ከፕላስቲኩ የሚለዩት በዚሁ ደንብ ነው። የእንግሊዝ ታሪክ ደግሞ የማስጠንቀቂያ ያህል ይጠቅማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን እንግሊዞች የቤትና የምግብ ቤት ትራፊ ሰብስበው፣ ቀቅለው ለአሳማ ይሰጡ ነበር፤ ለንደን ውስጥ በቶተንሃም የሚቀቀለው «ቶተንሃም ፑዲንግ» የሚል ስም እስኪያገኝ ድረስ። ልማዱም ከጦርነቱ በኋላ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን በአግባቡ ያልተቀቀለ ትራፊ የሚበላ የአሳማ እርባታ የአፍና እግር ወረርሽኝ መነሻ እንደ ነበረ ታመነበትና፣ ከስድስት ሚሊዮን የሚበልጡ እንስሳት ታረዱ፤ ትራፊ ለአሳማ መስጠትም በዚያው ዓመት ተከለከለ። መሄጃ ያጣው ትራፊ ብዙው ወደ መቃብር ወረደ፤ አሥር ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ተረፈ ምግባቸውን ለይተው የማውጣት ግዴታ የገቡት እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 2025 ነው። በእኛ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም በአብዛኛው አሳማ ስለማይበላ ይህ መንገድ ከጥቂት እርባታዎች በቀር ከመጀመሪያውም ጠባብ ነበር፤ ነገር ግን ትራፊ ወደ እንስሳ ሲሄድ ሥጋ የነካው ከልጣጩ መለየት እንዳለበት ከእነርሱ ኪሣራ ያለ ዋጋ ልንማር እንችላለን።

መለየት በእኛ ከተማ እንደማይቻል የሚከራከር ሰው ቢገጥመኝ ወደ ቢራ ፋብሪካ በር እወስደዋለሁ። ከጠመቃ የቀረው የብቅል አተላ በአዲስ አበባ ዙሪያ ላሉ ወተት አርቢዎች የታወቀ መኖ ነው፤ ሌላ ነገር ሳይነካው የሚወጣ ስለሆነ ገዢ ፈልጎት ይመጣል እንጂ ገንዳ ፈልጎ አይሄድም። የቡና ቤቱ አተላም፣ የጁስ ቤቱ የማንጎ ልጣጭም በተፈጥሮአቸው ተለይተው የሚወጡ ናቸው፤ ከማሽኑ አጠገብ የሚወድቁት ብቻቸውን ነውና ማበላሸት እንጂ መለየት አያደክምም። ከቤቴ አጠገብ ካለው ጁስ ቤት አንድ ሽማግሌ ላም አርቢ በየምሽቱ ጋሪ ይዘው ይመጣሉ። ልጣጩን ለመውሰድ ገንዘብ አይከፍሉም፤ በበዓል ቀን አንድ ሊትር ወተት ለልጆቹ ያመጣሉ። የሚጠይቁትም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጆንያው ከመታሰሩ በፊት እጃቸውን አስገብተው እየዳሰሱ፣ «ልጆቼ፣ ስትሮ እንዳይገባበት» ይላሉ።