የሌላኛው ዕቃ ትክክለኛ ሥዕል

አንድ ዕቃ ብቻውን በካድ ሲሳል ነባሪው የእይታ ቅንብር ባይስማማው ጉዳቱ ወዲያው ይታያል። መስመር ይደራረባል፣ ልኬት በልኬት ላይ ይወጣል፣ የቶርኖ ባለሙያው «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይደውላል፤ ሥዕሉ ይታረምና ነገሩ ያበቃል። ያንኑ ዕቃ በርዝመት፣ በቀዳዳ ብዛት ወይም በግራና በቀኝ እየለዋወጥን ቤተሰብ ስናደርገው ግን ስህተቱ ጠባዩን ይቀይራል። የተበላሸው ሥዕል የተበላሸ አይመስልም። የወንድሙን መልክ ይይዛል፤ ልኬቱ የተሟላ፣ መስመሩ የጠራ ሆኖ ሳለ ከታዘዘው ይልቅ ሌላውን ዕቃ ያሠራል። ስለዚህ ለዕቃ ቤተሰብ የሚያገለግለው ነባሪ እይታ ሶፍትዌሩ ሲጫን ይዞት የመጣው ወይም ካለፈው ሥራ የተረፈው ሆኖ መቅረት የለበትም እላለሁ። እንደ ብረቱ ዓይነትና እንደ ቶለራንሱ ሁሉ፣ የመጀመሪያው ልኬት ከመጻፉ በፊት ተመክሮበት የሚወሰን የንድፉ አካል ነው።

ግራና ቀኝ ያለውን ብራኬት እንመልከት። ጠፍጣፋ ወለል አለው፤ በቀኝ ጠርዙ ላይ አንድ ግድግዳ ቆሟል፤ በግድግዳው ላይ ወደ ፊተኛው ጠርዝ የተጠጋ፣ ዘልቆ የሚያልፍ አንድ ቀዳዳ አለ። የፊት እይታው ወለሉንና ግድግዳውን ያሳያል እንጂ ቀዳዳው ለየትኛው ጠርዝ እንደሚቀርብ አይናገርም። ያንን የሚነግረን ከቀኝ በኩል የታየው የጎን እይታ ነው። ፈርስት አንግል በሚባለው የፕሮጀክሽን ዓይነት ይህ እይታ ከፊት እይታው በስተግራ ይቀመጣል፤ ቀዳዳውም ከፊት እይታው በራቀው ጠርዝ በኩል ይውላል። ሌላውን ዓይነት፣ ሰርድ አንግልን የለመደ ዓይን ግን በስተግራ የተቀመጠውን ከግራ እንደታየ አድርጎ ያነበዋል፤ ለእሱ ያ የራቀው ጠርዝ የኋላው ነው። ስለዚህ ቀዳዳውን ወደ ኋላ አስጠግቶ ይበሳዋል። የወጣው ዕቃ እንደ ጫማ የሌላኛው እግር ነው፤ በቤተሰቡ ሰንጠረዥ ውስጥም የራሱ ቁጥር አለው፤ ተቆጣጣሪው በካሊፐር ቢለካው ሁሉም ልክ ይመጣለታል። ስህተቱ የሚገለጠው ሊገጠም ሲል ነው።

ይህን ንባብ ሊያጋልጥ የሚችል አንድ ምስክር ነበር፦ ድብቁ መስመር። ከቀኝ ሲታይ ወለሉ ከግድግዳው ኋላ ስለሆነ የላይኛው ፊቱ በተቆራረጠ መስመር ይሳላል፤ ከግራ ቢሆን ኖሮ ሙሉ መስመር ይሆን ነበር። የፕሮጀክሽኑን ዓይነት ጥያቄ ውስጥ የሚያስገባው ይህ ልዩነት ብቻ ነው። ነባሪው የአሳሳል ስልት ድብቅ መስመሮችን የሚያጠፋው ከሆነ ግን የተቆራረጠው መስመር አይኖርም፤ አንባቢው የሚጠረጥረው መኖር የነበረበት ሙሉ መስመር እንደጎደለ ካስተዋለ ነው። የሌለ ነገር ማስተዋል ደግሞ ያለውን ከማየት በጣም ይከብዳል። ድብቅ መስመር ሥዕል ያጨናንቃል የሚሉ ሰዎች እውነት አላቸው፤ ግራና ቀኝ ላለው ቤተሰብ ግን ቢያንስ በአንዱ የጎን እይታ ላይ ይብራ ባይ ነኝ።

ሁለቱም የፕሮጀክሽን ዓይነቶች በአይሶ 5456-2 ተቀባይነት አላቸው። ጀርመንና ቻይና ፈርስት አንግልን፣ አሜሪካና ጃፓን ሰርድ አንግልን ለምደዋል። እኛ አገር ማሽኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ሥዕሉም አብሮ ይመጣል፤ የአንድ ወርክሾፕ ባለሙያ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ሊያነብ ይችላል። «ታዲያ በርዕሱ ሳጥን ውስጥ ጫፉ የተቆረጠው የኮን ምልክት ለምን ተቀመጠ?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በብዙ ቴምፕሌቶች ምልክቱ በወረቀቱ ማዕቀፍ ላይ የተለጠፈ ምስል ሲሆን፣ የፕሮጀክሽኑ ዓይነት ሌላ ቦታ፣ በሉሁ ባሕርያት ውስጥ የሚመረጥ ነው። ሁለቱን የሚያስተሳስር ነገር ከሌለ አንዱ ሲቀየር ሌላው ባለበት ይቆማል፤ ምልክቱም ይዋሻል። «ልኬቱ ተጽፎ የለም ወይ?» የሚለውም መልስ አያጣም፦ 15 ሚሊ ሜትር ከጠርዝ ተብሎ ሲጻፍ የትኛው ጠርዝ እንደሆነ የሚናገረው እይታው ነው።

የስኬሉ ጉዳይ ከዚህ ያነሰ አደገኛ ይመስላል፤ እኔ ግን እንዲያ አላየውም። በኢኤን 1092-1 መሠረት የፒኤን 16 ፍላንጅ በዲኤን 80 የውጭ ዲያሜትሩ 200 ሚሊ ሜትር፣ በዲኤን 150 ደግሞ 285 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ስምንት ስምንት የብሎን ቀዳዳ አላቸው። ሶፍትዌሩ ስኬሉን ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ትንሹን በ1፡2፣ ትልቁን ከአይሶ 5455 ቀጣይ ደረጃ በ1፡5 ሊያስቀምጠው ይችላል። ያን ጊዜ ትንሹ በወረቀት ላይ 100 ሚሊ ሜትር፣ ትልቁ 57 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ትልቁ ፍላንጅ ከትንሹ አንሶ ይታያል ማለት ነው። ከሥዕል ላይ በማስመሪያ አይለካም የሚለው ሕግ ትክክል ነው፤ የማይለካ ሥዕል ግን አይታይም ማለት አይደለም። ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው ቁጥሩን ከማንበቡ በፊት መልኩን ያያል፤ መልኩ ካሳሳተው ቁጥሩን የሚያነበው ቀድሞ ያመነውን ለማጽደቅ ነው። ለቤተሰቡ አንድ ስኬል ተወስኖ፣ ከዚያ የሚወጣው ዕቃ በግልጽ ልዩ ተብሎ ቢታወቅ ይሻላል። በጣም ትንሹ ዕቃ ነጥብ አክሎ እንዳይቀር በጎኑ የጎላ ዝርዝር እይታ ይጨመርለታል።

አሁን ወደ ኮንፊገሬሽኑ፣ ማለትም በአንድ ፋይል ውስጥ ወደሚያዙት የዕቃው ዝርያዎች ልሻገር፤ ትልቁ ጣጣ እዚህ ነው። በሶሊድወርክስ የእይታ ባሕርያት ውስጥ ሁለት ምርጫ አለ፦ አንዱ ሞዴሉ በዚያ ሰዓት ያለበትን ወይም መጨረሻ የተቀመጠበትን ኮንፊገሬሽን መከተል፣ ሌላው በስም የተጠራውን መያዝ ነው። ኢንቬንተርም ከ2022 እትሙ ጀምሮ ሞዴል ስቴት በሚለው አሠራር ብዙ ዝርያ በአንድ ፋይል እንዲያዝ አድርጓል። የመጀመሪያው ምርጫ ላይ የቀረ እይታ ለምሳሌ የ180 ሚሊ ሜትሩን ሻፍት እያሳየ ይቆያል፤ ሌላ ሰው ለሌላ ሥራ ሞዴሉን ከፍቶ ወደ 250 ቀይሮ ያስቀምጠዋል፤ በማግሥቱ ድሮዊንጉ ሲከፈት እይታውም ልኬቱም ተስማምተው 250 ብለዋል። ልኬቱ ከሞዴሉ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ምንም የሚጋጭ ነገር የለም። የሚጋጨው የዕቃው ቁጥር ብቻ ነው፣ እሱም በእጅ ከተጻፈ። መያዣው ጠፍቶ ተንጠልጥሎ የቀረ ልኬት ቢሆን ቀለሙን ቀይሮ ያስታውቅ ነበር፤ ይህ ግን ዝም ብሎ ይስማማል። በስም መያዝ የአንድ ጊዜ ጠቅታ ነው።

ቅንብሮቹ የሚኖሩበት ቦታም አንድ አይደለም። የፕሮጀክሽኑ ዓይነት ከቴምፕሌቱ ጋር ይሄዳል፤ የአዲስ እይታ የአሳሳል ስልትና ስኬልን በራሱ የመምረጡ ነገር ግን በሶሊድወርክስ የሲስተሙ አማራጭ ስለሆነ በየኮምፒውተሩ ይለያያል። አንዱን ቤተሰብ ሁለት ሰው ቢከፋፈለው፣ አንድ ቴምፕሌት እየተጠቀሙም ሁለት ዓይነት ሥዕል ያወጣሉ። መድኃኒቱ ለቤተሰቡ የተለየ ቴምፕሌት ማበጀትና እይታዎቹን አስቀድሞ እዚያው መትከል ነው፤ የፊት እይታው የትኛው ፊት እንደሆነ፣ ድብቅ መስመሩ የት እንደሚታይ አንዴ ይወሰናል። ለዚህ መነሻ የሚሆነው ብዙ ቅርጽ የያዘው አባል ነው፤ ቀዳዳው ከጠፋበት አባል የተነሳ ሰው ያ ቀዳዳ በሌላው ላይ ሲመጣ የት እንደሚያሳየው ይቸግረዋል። ጊዜ ይበላል ለሚሉ፣ አዎ ይበላል፤ ሁለት ዓይነት ብቻ ላለው ዕቃ አያዋጣም፣ እኔም አላደርገውም። ሰንጠረዡ እየረዘመ በሄደ ቁጥር ግን ሒሳቡ ይገለበጣል።

«ሞዴሉ ራሱ እየተላከ ሥዕል ምን ያደርጋል?» የሚለው የዘመኑ ተቃውሞ ነው። በከፊል እቀበለዋለሁ፤ የስቴፕ ፋይል የደረሰው ሰው ዕቃውን በስክሪኑ ላይ አዙሮ ስለሚያይ ፈርስት አንግል ሰርድ አንግል የሚባል ጣጣ የለበትም። የዝርያው ጥያቄ ግን አብሮት ይሄዳል። ወደ ስቴፕ ሲላክ የሚወጣው በዚያ ሰዓት ክፍት የሆነው ኮንፊገሬሽን ነው። የኮንፊገሬሽኑ ስም በፋይሉ ስም ውስጥ ካልገባ፣ ተቀባዩ ፕሮግራም የሚያወጣለት ጠጣር አካል ከቤተሰቡ የትኛው እንደሆነ ከልኬቱ ካልገመተ በቀር አያውቅም፤ ግራና ቀኝ ከሆነ ደግሞ ልኬቱም አይነግረውም።