ታንክ ያልታየበት አገር ለጦር ምን ይከፍላል?

በሸኮ ወይም በቴፒ ዙሪያ ቡና ሲለቅም የኖረ ሰው ታንክ በዓይኑ ሳያይ ሊያረጅ ይችላል። የጦር ወጪ ግን ቤቱ መግባቱ አይቀርም። የሚገባውም በሦስት በር ነው፤ በቡናው ዋጋ፣ በልጁና በመንገዱ።

የመጀመሪያውን በር አያቶች ያውቁታል። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከመንግሥት መደበኛ ወጪ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ለጦሩ ይውል ነበር። የጦር መሣሪያ ከውጭ ይመጣል፤ የውጭ ምንዛሪውን በዋናነት የሚያስገኘው ደግሞ ቡና ነው። መንግሥት የቡናውን ግብይት በእጁ አድርጎ ለገበሬው ዝቅተኛ ዋጋ ይተምንለት፣ በኤክስፖርቱም ላይ ከባድ ቀረጥ ይጥል ነበር። ገበሬው ከዓለም ገበያ ዋጋ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነበር። ያኔ ለልጅ ደብተርና ልብስ መግዣ የጎደለው ገንዘብ በከፊል ወደ ጦር ግንባር ሄዷል ማለት ነው።

ሁለተኛው በር ልጅ ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ይጠራ ነበር። ቡና የእጅ ሥራ ነው፤ በለቀማ ወራት ጎረምሳው ከቤት ከታጣ ፍሬው ከሥሩ ይረግፋል። በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩት ወደየቤታቸው ተመለሱ። እስከ ዛሬ በር በሩን የምታይ እናት ግን በየመንደሩ አለች።

ሦስተኛው በር የቅርብ ጊዜ ነው። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል የተመሠረተው በኅዳር 2014 ዓ.ም.፣ የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት ሰሞን ነበር። አዲስ ጎጆ የወጣ ቤተሰብ ድስቱንም ምጣዱንም ከዜሮ እንደሚገዛ ሁሉ፣ አዲስ ክልልም መንገድ፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ይፈልጋል። በሁለት ወሩ ግን የተወካዮች ምክር ቤት 122 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ሲያጸድቅ፣ 90 ቢሊዮኑ ለመከላከያ ሆነ። ለቀጣዩ ዓመትም 84 ቢሊዮን ብር ተመደበለት።

ወረዳ አብዛኛውን ገንዘብ የሚያገኘው ከላይ በሚወርድ ድጎማ ነው። ድጎማው ሲያጥር ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚቀረው የድልድዩና የመንገዱ ሥራ ነው። መንገድ በክረምት ሲበላሽ ደግሞ ነጋዴው የመኪናውን ኪራይ ከቡናው ዋጋ ላይ ይቀንሳል። ምጥ የያዛትም ሴት ሚዛን ሆስፒታል እስክትደርስ በቃሬዛ ትጓዛለች።

ይህ ማለት አገር ጦር አያስፈልጋትም ማለት አይደለም። አጥር የሌለው ቤት አያስተኛም። ወታደር ልጅ ከደመወዙ ቆጥቦ ለወላጆቹ ቆርቆሮ የሚገዛበት፣ ታናሾቹን የሚያስተምርበት ቤትም አለ። ነገር ግን ለአጥሩ የወጣው ብር ለምድጃው አይመለስም። ጥይት አንዴ ከተተኮሰ አለቀ፤ ድልድይ ግን በየዓመቱ ቡና ያሻግራል።

ስለዚህ ወላጆች፣ ስብሰባ ተጠርታችሁ ስለ ወረዳው በጀት ሲነገር «ለመንገዱ ስንት ተመደበ? ካቻምና የተባለው ድልድይ የት ደረሰ?» ብላችሁ ጠይቁ። አያቶችም ማታ ቡና ሲፈላ ያለፋችሁበትን ለልጅ ልጆቻችሁ ንገሯቸው። ሰላም ስንት እንደሚያወጣ ጠንቅቆ የሚያውቀው የጦርነትን ዕዳ የከፈለ ሰው ነው።